የቁስቋሙ የግድግዳ ዳኛ

አሮጌ ቤት ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ ስለ ቤቱ ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱን አልሠራውም፣ አልወረሰውም፣ አልተከራየውም፤ ብቻ ያውቀዋል። እናንተ ሃያ ዓመት ኖራችሁበት ያላያችሁትን ስንጥቅ፣ እሱ የተሰነጠቀበትን ክረምት ጠቅሶ ይነግራችኋል። መዶሻ ባነሣችሁ ቀን፣ የጠራው ሳይኖር፣ ደጃችሁ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ነገሥታቱ ግንብ በግንብ አድርገውት የሄዱት ጎንደር ደግሞ ይህን ዓይነቱን ሰው በደንብ ያበቅላል። ከሁሉም የባሰው ግን ለእኛ ለቁስቋሞች ደረሰን፤ ክቡር አያ ቢያዝን፣ የኖራ ጠበቃ፣ የቅስት ባለአደራ፣ የግድግዳ ዳኛ።

ሹመቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ ያውም ለሽሙጥ። እሳቸው ግን ሽሙጡን ትተው ሹመቱን ወሰዱት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የሚከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። የወይራ ዘንጋቸውን ይዘው ጧት ይወጣሉ፤ ያገኙትን ግድግዳ በዘንጋቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ደቅነው ያዳምጣሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞር ብለው፣ «ማን ፈቀደ?» ይላሉ። መስኮት ለማስፋትም፣ በር ለመቀየርም፣ አንዲት ሚስማር ለመምታትም ቢሆን ጥያቄያቸው አንድ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእቴጌዋን ግንብ ፍርስራሽ ይጎበኛሉ። አንድ ቀን ከግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ሾላ ፊት ቆመው፣ «አንቺንስ ማን ፈቀደልሽ?» ሲሏት የሰማ ሰው አለ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ነበር። ሰው ሁሉ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚያልምበት ዘመን ነው። የሣር ክዳን የድህነት ምልክት ሆኗል፤ የኖራ ግድግዳ ያለው ሰውም እንግዳ ሲመጣበት ያፍር ጀምሯል። አያ ቢያዝን ይህን ዘመን ለብቻቸው ሊያቆሙት ቆርጠው ተነሥተዋል። አባታቸው ኖራ አቃጣይ ስለነበሩ ያደጉት በኖራ ጉድጓድ አፋፍ ነው። ስለዚህም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም እንዲህ ይላሉ፤ «የተቃጠለ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይፈላል፣ ይቆጣል። ቁጣው እንዲበርድለት አፈር አልብሰህ ዓመት ታስተኛዋለህ። ኖራ ሳይተኛ አይነሣም!»

ጎረቤታቸው ባላምባራስ ውዱ ከአስመራ ባለ ሽቦ የብረት አልጋ በማኪና ያስመጡ ጊዜ የሆነውን ሰፈሩ አይረሳውም። አልጋው በበሩ ቅስት አልገባ አለ። ባላምባራስ ቅስቱን የሚያፈርሱ ሁለት ሰዎች ቀጥረው ሲመለሱ፣ አያ ቢያዝን ደፉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ምነው አያ ቢያዝን፣ ከደጄ ተነሡልኝ እንጂ» አሉ ባላምባራስ።

«ማን ፈቀደ?»

«የገዛ በሬ እኮ ነው! ጠበበኝ።»

«በሩ ላያትዎም ለቅድመ አያትዎም አልጠበበም። አልጋው ነው የሰፋ።»

ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ እየቆረጠሙ እስከ ማታ ዋሉ እንጂ አልተነሡም። ቅጥረኞቹ ሰልችቷቸው ሄዱ። አልጋው ያን ክረምት ታዛ ሥር ከርሞ ዶሮ ሰፈረበት፤ ባላምባራስም ወደ ጭቃ መደባቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ወገባቸውን ባመማቸው ቁጥር የሚረግሙት አያ ቢያዝንን ነው።

ለቅሶ ቤትም ቢሆን አይምሩም። ቆላ ድባ ዘመድ ሞቶባቸው ሄደው፣ ሰው ደረቱን ሲደቃ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና ወደ ሟቹ ልጅ ጠጋ አሉ። «እግዜር ያጥናህ። ወራጁን ግን ነቀዝ ጨርሶታል» አሉት። ልጁ በዕንባው መሀል ቀና ብሎ አየ፤ እውነትም ተበልቷል። ለሰልስቱ ተቀየረ። ጠላ ሻጯ ትርንጎ ደግሞ ዘዴ ያወቀች መስሏት፣ ግድግዳዋን ከማስለሰኗ በፊት አንድ ዋንጫ ትልክላቸው ነበር። ዋንጫውን ይጨልጡና መጥተው ልስኑን ያስፈርሳሉ።

እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «የአንቱስ ቤት?»

የአያ ቢያዝን ቤት ከአባታቸው የወረሱት፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ባለ ደርብ ቤት ነው። የደርቡ ክዳን ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። የምዕራቡ ግድግዳ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል። እሳቸው በምድር ቤቱ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ለጠያቂ መልሳቸው «የኔ ኖራ ገና አልተኛም» ነው። ጓሮ ያለው የኖራ ጉድጓዳቸው ግን ከሰባት ዓመት በላይ ተኝቶ ሣር በቅሎበታል። ሰው በዚህ ይስቅ ነበር። የሚስቀው ሰው ሲመሽ ሚስትና ልጆች ወዳሉበት ይገባል፤ አያ ቢያዝን ዘንጋቸውን በር ሥር አስደግፈው፣ ለማንም «ደኅና እደሩ» ሳይሉ ይተኛሉ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደጅ የሚዞሩት ለግድግዳ ብቻ ብለው አልነበረም። የሚቆጣቸው ሰውም ቢሆን እኮ እያነጋገራቸው ነው።

ሚስታቸው እናኑ የሞተችው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ደርቡ ማፍሰስ በጀመረበት ክረምት ማግሥት፣ በኅዳር ነው። አንድ ልጃቸው ነጋ በጭነት ማኪና ረዳትነት ተቀጥሮ አገር ላገር ሲዞር ስለነበር የደረሰው ለቀብሯ ብቻ ነበር። እናቱ ታማ የተኛችበት ክፍል ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ፤ እርጥብ ነው። ወደ ጓሮ ዞሮ ጉድጓዱን አየ፤ ኖራው አፈር ለብሶ ተኝቷል። በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት አባቱን፣ «ለሰው ግድግዳ ዳኛ ነዎት። የርስዎ ኖራ ተኛ፤ እናቴም ተኛች» አላቸው። አያ ቢያዝን ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡት። ነጋ በሰልስቱ ወደ አስመራ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማግባቱንም መውለዱንም የሰሙት ከሾፌሮች አፍ ነው።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አንድ ሾፌር ማኪናውን ደጃቸው ላይ አቁሞ መልእክት አደረሰ። ነጋ ኅዳር ላይ ለእናቱ የሰባት ዓመት ተዝካር ይመጣል። አያ ቢያዝን ምስጋና ጀምረው ሳይጨርሱ ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ፣ «የማርፈው አልቤርጎ ነው ብሏል» ሲል ጨመረበት።

ለእናቱ ተዝካር መጥቶ፣ የአባቱ ቤት ቆሞ ሳለ፣ እንደ መንገደኛ አልቤርጎ የሚያድር ልጅ! አያ ቢያዝን ያን ቀን የማንንም ግድግዳ ሳይነኩ ዋሉ። በማግሥቱ አካፋ ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩና ሣሩን ነቅለው ጉድጓዱን ከፈቱ። ኖራው እንደ ቅቤ ልሞ ጠበቃቸው። ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጋ ሲመጣ ደርቡን ክዳን ለብሶ ያገኘዋል፤ ያኔ ምናልባት አንዲት ሌሊት እንኳ እቤቱ ያድር ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ግንበኛ ማለት ይባረክ ነው። ይባረክ የወለቃ ሰው ነው፣ ቤተ እስራኤል። አባቱም ግንበኛ ነበሩ፤ ኖራ የሚወስዱትም ከአያ ቢያዝን አባት ነበር። የሥራው እንቅፋት የቀን መቁጠሪያው ሆነ። ቅዳሜ የይባረክ ሰንበት ነው፣ እሑድ የአያ ቢያዝን። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስና በመድኃኔ ዓለም አያ ቢያዝን በግቢያቸው መዶሻ አያስነሡም። ይባረክም የራሱ ጾምና በዓል አለው፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ስግድ ይመጣበታል። ሁለቱ ሰዎች የየራሳቸውን በዓል አከበሩ፤ ግድግዳው ግን የሁለቱንም አከበረ።

በቀሩት ቀኖች የሚሠራውም ቢሆን በክርክር ነው። ከደርቡ የሚወርደው ድንጋይ ሁሉ ተመልሶ የቀድሞ ቦታውን እንዲይዝ አያ ቢያዝን በከሰል ምልክት ያደርጉበታል። አንድ ቀን ዝናብ ምልክቱን አጠበውና በአንዲት ድንጋይ የተነሣ ግማሽ ቀን ተሟገቱ።

«ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነበር!» ይላሉ አያ ቢያዝን።

«ድንጋይ ፊት የለውም፣ አያ ቢያዝን።»

«ለማያውቃት ነው የሌላት።»

ይባረክ ድንጋዩን አዙሮ አስገባው። ልክክ ብሎ ገባ። ይባረክ ያን ቀን ዝም ብሎ ዋለ፤ አያ ቢያዝን ግን ዝም አላሉም።

ምሳ ሲደርስ ይባረክ ከቤቱ ያመጣውን ምግብና ውሃ ያወጣል። በወገኖቹ ሥርዓት ከክርስቲያን ቤት አይቀምስም፤ ማታም ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም። አያ ቢያዝንም ከእሱ እንጀራ አይቆርሱም። ስለዚህ እሳቸው ደረጃው ሥር፣ እሱ ከግቢው ወይራ ጥላ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀው ፊት ለፊት ይቀመጡና እየተጯጯሁ ስለ ኖራ ያወራሉ። አያ ቢያዝን እናኑ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ምሳ ሲበሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ይባረክ በማይመጣበት ቀን ምሳቸውን ቀድመው ይበሉና ይተኛሉ፤ ቀኑ ቶሎ እንዲያልፍላቸው።

ለቁስቋም በዓል ደርቡ ሣር ለበሰ። የዋንዛ መስኮቶቹ ቦታቸውን ያዙ። የቀረው ያ ሆዱ የተነፋው የምዕራብ ግድግዳ ብቻ ነው። አያ ቢያዝን እሱ ዘንድ ሲደረስ ሰበብ ያበዙ ጀመር።

«ተዝካሩ አምስት ቀን ቀረው» አለ ይባረክ። «ይኸ ሆድ ካልተከፈተ ደርቡን ይዞት ይወርዳል።»

«በኖራ ቀባ ቀባ አድርገህ ተወው።»

ይባረክ አፍጥጦ አያቸው። ቀብቶ መተው! ይህን ሌላ ሰው ተናግሮት ቢሆን ዳኛው ከሰፈር ያስወጡት ነበር። አልሰማም ብሎ መዶሻውን አሳረፈ። የላዩ ነጭ ቅርፊት ተገምሶ ሲወድቅ ከሥሩ ግራጫ ነገር ብቅ አለ። ደገመ፤ አሁንም ግራጫ ነው። ከላይ እስከ ታች ሲሚንቶ።

ይባረክ ደግ ሰው ነው፤ ሊጠይቃቸው የሚገባውን ጥያቄ አልጠየቃቸውም። መዶሻውን አስቀምጦ ውሃ ሊጠጣ ሄደ። ወሬው ግን በማን አፍ እንደሄደ ሳይታወቅ ቁስቋምን አዳረሰ። ባላምባራስ ውዱ ሲሰሙ የወገባቸው ሕመም ለቀቃቸው። ካባቸውን ደርበው፣ ትርንጎንና ግማሹን ሰፈር አስከትለው ደረሱ። ግራጫውን ግድግዳ ዞረው ዞረው አዩና ስንት ዓመት የቋጠሩትን ፈቱት።

«ማን ፈቀደ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አያ ቢያዝን ዘንጋቸውን ተመርኩዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሳቁ በረድ ሲል፣ «እውነት፣ ማን ነው ያደረገው?» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ነጋ ነው። ወደ አልቤርጎው ከማለፉ በፊት ለወጉ ያህል አባቱን ሰላም ሊል ጎራ ብሎ፣ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሟል።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ቢያዝን።

«መቼ?»

«በዚያ ክረምት። እናትህ ተኝታበት በነበረው በኩል ነው።»

ነጋ ቦርሳውን መሬት አኖረ። «እርስዎ? ሲሚንቶ?»

«ኖራው ገና ሁለት ወሩ ነበር፣ ልጄ። እሷ ደግሞ ታድራለች ስትስል። እርጥበቱ ትራሷ ድረስ ወርዷል። ዓመት ጠብቂ ልበላት? ፒያሳ ወርጄ ግማሽ ጆንያ ገዛሁና ሰው እንዳያየኝ በጋቢዬ ሸፍኜ አመጣሁት። ራሴ ለሰንሁት፣ በላዩ ኖራ ቀባሁበት።» ዘንጋቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። «ውሃውን የዘጋሁባት መስሎኝ ነበር። ከላይ የገባው መውጫ አጣና ወደ ውስጥ ዞረባት። እኔ ነኝ የገደልኋት።»

«ምነው ታዲያ ያኔ ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ?»

የሚስቅ ሰው አልነበረም። ነጋ ሄዶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። ሰባት ዓመት ሙሉ አባቴ ሲል በልቡ የያዘው፣ ሚስቱ እየሞተች ኖራ እስኪተኛ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ለካ ያ ሰው የሚምልበትን ሕግ ለእሷ ብሎ ጥሶታል፤ ጥሶትም አልሆነለትም፤ ያንንም ለብቻው ተሸክሞ ኖሯል።

«እኔ እኮ» አለ ነጋ፣ «እናቴ ከግድግዳ አንሳብዎት ነበር የመሰለኝ።» አለቀሰ። አባቱም አለቀሱ።

ባላምባራስ ውዱ ሰፈሩን በከዘራቸው ወደ ውጭ ይነዱት ጀመር። «ሂዱ እንጂ! ግድግዳ አይታችሁ አታውቁም?» በሩን ሲወጡ ለራሳቸው፣ «እኔም አደርገው ነበር» ማለታቸውን ትርንጎ ሰምታለች።

ነጋ ሲሚንቶው እንዳይነካ ለመነ። እናቱን ሊያድን የተለጠፈ ነገር ነውና አሳዘነው። አያ ቢያዝን ግን፣ «አይሆንም። ግድግዳው ታሟል» አሉ። ስለዚህ ነጋ ኮቱን አወለቀና ግራጫውን በገዛ እጁ እየፈለጠ ሁለት ቀን ዋለ። አልቤርጎም አልሄደ። ተዝካሩ ወጣ፤ ይባረክም ስግድን ውሎ ተመለሰና ግድግዳው ከሰባት ዓመት በላይ በተኛው ኖራ ተለሰነ። ነጋ አሥራ አንድ ሌሊት በአባቱ ቤት አደረ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄደ። ሚስቱም ልጁም ሥራውም አስመራ ናቸው፤ ቤት ስላማረ ሰው ኑሮውን ጥሎ አይመጣም። ይባረክም ሥራው አልቆ ወደ ወለቃ ተመለሰ። አያ ቢያዝን ጧት ጧት ወደ ደርቡ ይወጣሉ፣ መስኮቶቹን ይከፍታሉ፣ ማንም ያልተኛበትን ወለል ይጠርጋሉ። ማታ ይወጣሉ፣ መስኮቶቹን ይዘጋሉ። ለከተማው ጤና ኮሌጅ ተማሪዎች ያከራዩት ብንላቸው እንቢ አሉ። ምሳቸውን ደረጃው ሥር ተቀምጠው ወደ ወይራው እያዩ ይበላሉ።

ዳኝነቱንም ተዉት። እሰይ፣ ተገላገልን አልን። ሰፈሩ ሁለት ሳምንት ያህል ያሻውን ቸነከረ፣ ያሻውን ለሰነ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ጎደለን። ሠራተኛ ባመጣን ቁጥር ሳናስበው መንገዱን እናያለን። ትርንጎ ሆን ብላ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ከበሯ በላይ አንጠልጥላ ሦስት ቀን ጠበቀች፤ የመጣ የለም። በአራተኛው ቀን ራሷ እቤታቸው ሄደች።

«ምነው አያ ቢያዝን፣ ሳይቆጡኝ?»

«እኔ ማን ነኝና ልቆጣሽ፣ ትርንጎ።»

እያለቀሰች ተመለሰችና ቆርቆሮውን አወረደችው። ለእኛም ጨነቀን። እኒያን ጨቅጫቃ ሽማግሌ እንወዳቸው እንደነበር ያወቅነው ያን ሰሞን ነው።

በጥር መጀመሪያ ከአስመራ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ አይችሉምና ለጎረቤታቸው ለደብተራ ወልደ ገብርኤል ወሰዱት። ደብተራው መነጽሩን አጥልቆ አነበበላቸው። ነጋ ሰላምታውን ካደረሰ በኋላ እንዲህ ይላል፤ «የቤታችን ግድግዳ ረጥቦብናል። ሚስቴ ሲሚንቶ ይለሰን ትላለች። እኔ ግን አባቴን ሳልጠይቅ አይሆንም ብያለሁ። ምን ይሻላል?»

አያ ቢያዝን አስደገሙት። እንደገናም አስነበቡት።

«አሁን ጥር አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ነው እንጂ።»

«በጥር የምን ዝናብ ኖሮ ነው ግድግዳ የሚረጥበው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አያ ቢያዝን። የተጻፈውን ነው የማነብ።»

አያ ቢያዝን ደብዳቤውን ከእጁ ወሰዱ። ነጋ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ የሚያስታውቅበት ልጅ ነው። ዓይናቸው ዕንባ ሞላ፤ ፊታቸው ግን እየሳቀ ነው።

«በል ጻፍልኝ» አሉ። «እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነካው።»